ጉርሻና ደመወዝ

ነገሩ የተነሣው ከተጋቢኖ ነው። ዕለቱ ሐምሌ 22፣ የኡራኤል በዓል ነበር። እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በመዋጮ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ለዚህች መጽሔት የቀረቡ ጽሑፎችን እያነበብን፣ አንዱን ስናነሣ ሌላውን ስንጥል ሰባት ሰዓት አለፈ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ከመካከላችን ተነሥቶ ምሳ ላምጣ የሚል ጠፋ። እንግዲህ ዘመኑ እንዳስተማረን ስልክ አወጣንና ከካዛንቺስ በኩል ካለ ምግብ ቤት ሁለት ተጋቢኖና ሁለት በያይነቱ አዘዝን።

ምግቡ የመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ያመጣው ልጅ በዕድሜ ቢበልጠን በሁለት ዓመት ቢሆን ነው፤ ከላይ የደረበው ላስቲክ ከውኃው ያዳነው አይመስልም። በዓሉን ለማክበር የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ስለ ነበር ሞተሩን ከባምቢስ ወዲህ እየገፋ ነው የመጣው። አንደኛው ተጋቢኖ ፌስታሉ ውስጥ ፈሷል። ሒሳቡን አንዳችን በቴሌብር ላከ፤ ከነሳንቲሙ፣ ልክ ስልኩ ላይ እንደ ተጻፈው። ልጁም ገንዘቡ መግባቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ወዲያው አልሄደም። ያችን ቅጽበት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አስተናጋጅ ሒሳብ ከተቀበለ በኋላ የተወለወለውን ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ደግሞ የሚወለውልባት ቅጽበት ናት።

አንዱ ጓደኛችን ሃምሳ ብር አወጣ። ሌላው እጁን ያዘው። «ተው እንጂ! አንተ ይህን በሰጠህ ቁጥር ለድርጅቱ ነው የምትደጉመው። እኛ እየሞላንለት ደመወዝ መጨመር ለምን ያስፈልገዋል?» አለ። ክርክሩ እዚያው በር ላይ ተጀመረ። እኛ ስለ መርሕ ስንነጋገር ልጁ ቆሞ ሰማን። በመጨረሻ፣ ሳይቆጣ፣ «ወንድሞቼ፣ ያላችሁት ልክ ሊሆን ይችላል። ማደያ ሄጄ ይህን ብናገር ግን ቤንዚን አይቀዱልኝም» ብሎ ሄደ። ሃምሳ ብሯ በጓደኛችን እጅ እንደ ተጨማደደች ቀረች።

ምሳውን ዝም ብለን በላን። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀንም። ለመሆኑ ያች ሃምሳ ብር ዕዳችን ነበረች ወይስ አልነበረችም? ዕዳ ከነበረች ስለ ምን እንደ ስጦታ ልንሰጣት ተዘጋጀን? ስጦታ ከነበረች ደግሞ ስላልሰጠን ስለ ምን አፈርን? ስጦታ የከለከለ ሰው ንፉግ ይባል ይሆናል እንጂ ዕዳውን እንደ ካደ ሰው አንገቱን አይደፋም። እኛ የደፋነው እንደ ካደ ሰው ነበር።

ከቃሉ እንነሣ። ዛሬ ከተማው «ቲፕ» ይለዋል፤ የቆየው ስሙ ግን ጉርሻ ነው። ጉርሻ የሚጠቀለለው ከማዕድ ላይ ነው። አጉራሹም ጎራሹም እጃቸውን ታጥበው በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባልና ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል፣ የጎረሰው ያጎርሳል። «ስንት አጎረስኸኝ» ብሎ የሚቆጥር የለም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ጉርሻ ረኀብ ማስታገሻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው «በቃኝ፣ ጠገብሁ» ለሚል ሰው ነው። ሰውየው የራሱ ድርሻ ፊት ለፊቱ ስላለ፣ ጉርሻው ከድርሻው በላይ የሆነ የፍቅር ትርፍ ነው።

በር ላይ የምንሰጠው ጉርሻ ስሙን ከዚህ ማዕድ ወስዶ ማዕዱን ትቶታል። ልጁ ምግባችንን በሣጥን አድርጎ ከኋላው ጭኖ ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል ይመጣል፣ ግን አይቀመጥም። ተራው ተገልብጦ እኛን አያጎርስም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፊት ለፊቱ የራሱ ድርሻ የለም። ድርሻ ለሌለው ሰው የተሰጠ ጉርሻ ጉርሻ መሆኑ ይቀራል። በኡራኤል ደጅ፣ በዓሉ ሲደርስ ግራና ቀኝ ለተደረደሩት እጆች ከሚሰጠው በምን ይለያል? ምጽዋት ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ግን ሙሉ ቀን የሠራን ሰው ምጽዋት ጠባቂ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ደመወዝን ደግሞ ብዙዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ይሉታል። ወዝ የሚለው ቃል ከ1966 በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ወዛደር ሲሉ ባነሡት ቃልም ውስጥ አለ፤ በወዙ የሚያድር ማለት ነው። ሰውየው የሰጠን ነገር ከሰውነቱ የወጣ ስለሆነ፣ የምንመልስለትም በደስታችን መጠን ሳይሆን በወጣው ነገር መጠን ነው ማለት ይመስለናል። የሃይማኖት መጻሕፍቱም ከዚህ አይርቁም። የኦሪት ሕግ የድኻውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ሲል፣ በእስልምናም ላቡ ሳይደርቅ ክፈለው የሚል ትምህርት ይነገራል። ሁለቱም ስለ ከፋዩ ርኅራኄ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ሰዓት ነው፦ ቀነ ቀጠሮ ያለው ዕዳ ነው፤ ስጦታ ግን ቀነ ቀጠሮ የለውም።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ወጥተን ሞተረኞቹ የሚጠለሉበትን የአንድ ሕንፃ ታዛ ፈለግን። የእኛን ልጅ አላገኘነውም። ሌሎቹ ግን አጫወቱን። አከፋፈሉ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ ያነጋገርናቸው ግን የሚከፈላቸው በጉዞ ነው። ምግብ ቤቱ ትእዛዙን እስኪያወጣ በወጥ ቤት በር የሚቆሙበት ጊዜ አይቆጠርም። ደንበኛው ስልክ እስኪያነሣ የሚዞሩበትም አይቆጠርም። ቤንዚኑ ከኪሳቸው ነው፤ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ የስልኩ ዳታ፣ የትራፊክ ቅጣቱም እንደዚያው። ሞተሩ የራሱ ያልሆነ ደግሞ ለባለሞተሩ የቀን ገቢ ያስገባል። አንዱ እየሳቀ «እኔ ምሳ ሰዓት ምሳ አደርሳለሁ እንጂ ምሳ በልቼ አላውቅም» አለን። ሌላው ደግሞ ስለ ካዛንቺስ አወራን። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣልያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ያች ሰፈር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስትፈርስ «ከእገሌ ሱቅ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እየተባለ ይገኝ የነበረው አድራሻ ሁሉ አብሮ ፈረሰ። «አሁን ደንበኛው ራሱ የት እንዳለ አያውቅም፤ እኔ እዞራለሁ» አለ። ያ የሚዞርበት ቤንዚን የማን ዕዳ ነው? የከተማው? የድርጅቱ? የተራበው ደንበኛ? ለጊዜው የሚከፍለው እርሱ ነው።

መርካቶ ውስጥ ጆንያ የሚሸከመው ወዛደር እንኳ አንድ መብት አለው፤ ሸክሙን ዐይቶ፣ መንገዱን ጠይቆ፣ «በዚህ አልሸከምም» ይላል። ይከራከራል፣ ይሳደባል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በስልክ የሚታዘዘው ሞተረኛ ግን የሚከራከረው ሰው የለውም። ዋጋው ተቆርጦ መስታወቱ ላይ ይመጣል። በእሺና በእምቢ መካከል ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው።

ስለ ቤንዚኑ ትንሽ እንቆይ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የነዳጅ ድጎማው መነሣት ሲጀምር፣ አንድ ሊትር ወደ 48 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የታክሲ ታሪፍ ይከለሳል፤ ይህን መንግሥት ያውጃል፣ ሬዲዮ ይናገራል። በሞተር የሚመጣው ምሳ ታሪፍ ግን አዋጅ የለውም። በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን መወደድ ሥራ አቁመው መንግሥት ዋጋውን ለመቀነስ መገደዱን ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በደስታ ጽፈውታል። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝን ነገር የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም አንቀጽ አስገብቷል፤ አዋጁ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖት በ2017 ዓ.ም. ግን ለግሉ ሠራተኛ ወለሉ ገና አልተቆረጠም ነበር። ወለል በሌለበት ቤት ሰው ምን ላይ ይቆማል?

ያም ሆኖ አዋጁ ሠራተኛ ለሚለው ሰው ብዙ ነገር ይሰጣል፤ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት የማይበልጥ መደበኛ የሥራ ጊዜ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት፣ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ። ስለዚህ ጥበቡ ያለው ሠራተኛ አለማለቱ ላይ ነው። ታዛው ሥር የነበሩት ልጆች ስማቸው «አጋር» ነው። እንዴት ያለ ያማረ ቃል ነው! አጋር ሲታመም አይከፈለውም፤ አጋር በዝናብ ተንሸራቶ እግሩ ቢሰበር ሞተሩንም እግሩንም የሚያሠራው ራሱ ነው። የቃል ነገር ተራ ነገር ነው የሚለን ሰው ካለ ይህችን አንዲት ቃል ይመልከት። በ2021 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኡበር ሹፌሮች ራሳቸውን የቻሉ ነጋዴዎች ሳይሆኑ ዝቅተኛ ክፍያና ዕረፍት የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ብሎ ፈርዷል። በዚያው ዓመት ስፔን ምግብ አድራሾችን ተቀጣሪ የሚያደርግ ሕግ አውጥታለች። እዚያም ክርክሩ በአንዲት ቃል ላይ ነበር።

እጅ የያዘው ጓደኛችን «አላልኋችሁም? ጉርሻ ድርጅቱን ነው የሚያደልበው!» ይለናል። በዚህ ነገር እውነት እንዳለው አሜሪካ ታስተምራለች። ዋሺንግተንና አካባቢዋ ምግብ እያደረሱ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ዶርዳሽ የተባለ ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሾፌሩ በየጉዞው የተወሰነ ገንዘብ ዋስትና ይሰጥ ነበር። እንበል 10 ዶላር። ደንበኛው «ይህ ልጅ ደከመ» ብሎ 3 ዶላር ጉርሻ ሲጨምር ልጁ 13 ያገኘ ይመስለዋል። የለም፤ ኩባንያው ከራሱ የሚያወጣውን ወደ 7 ዝቅ ያደርግና ልጁ ያው 10 ዶላሩን ይዞ ይሄዳል። ደንበኛው ያጎረሰው ኩባንያውን ነው። ጉዳዩ በኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ በኩል ተይዞ በ2025 እ.ኤ.አ. ኩባንያው 16 ነጥብ 75 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በኒው ዮርክ ከተማም ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምግብ አድራሾች ጉርሻ ሳይጨምር በሰዓት 17 ዶላር ከ96 ሳንቲም የሚል ወለል ተቆረጠ። ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ? የጉርሻ መጠየቂያውን ከትእዛዙ ፊት ወስደው ከኋላ አደረጉት፤ ጉርሻውም ቀነሰ። እስከዚያ ድረስ ሰው ያጎርስ የነበረው ከልቡ ነው ወይስ መጠየቂያው ፊቱ ላይ ስለ ተደቀነ?

እኛ ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ የሆነ ነገር አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት፣ በእጅ በሚከፈልበት ጊዜ፣ «መልሱን ያዘው» የሚባል ቃል ነበር። ሰጪው ብዙም ሳያስብ፣ ተቀባዩም ሳያፍር፣ አሥርም ሃያም ብር ከእጅ ወደ እጅ ትቀር ነበር። አሁን ሒሳቡ ከነሳንቲሙ ይላካል። መልስ የለም፣ ስለዚህ «ያዘው» የለም። የፈለገ እንደ አዲስ ኪሱ መግባት አለበት። ልማድ የነበረው ነገር ውሳኔ ሆነ፤ ውሳኔ ሲሆን ደግሞ እንደኛ ያለው ይከራከርበታል።

ታዲያ ጓደኛችን ትክክል ነበር? ትንተናው ትክክል ነበር። ግን አንድ ነገር እንጠይቀው፦ መርሕህ ምን አስወጣህ? ምንም። እንዲያውም ሃምሳ ብር አተረፍህ፤ ኪሳራው የሌላ ሰው ሆነ። ዋጋ የማያስከፍል መርሕ፣ ይባስ ብሎ ለባለቤቱ የሚያተርፍ መርሕ፣ ልንጠረጥረው ይገባል። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለእኛ ነው። እውነት ድርጅቱን ሊቃወም ከፈለገ ሃምሳ ብሩን ሰጥቶ ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ወይም ከነአካቴው አይዘዝ።

ሃምሳ ብር ያወጣውንም አንምረውም። እርሱ ያወጣው ልጁ ስለ ራሰ ነው። ዝናብ ባይዘንብስ? ልጁ ኮስታራ ቢሆንስ? ከካዛንቺስ ሆቴሎች ወደ አንዱ ያደረሰው ሞተረኛ ከባለ ገንዘብ እንግዳ መቶ ሲቀበል፣ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው መንገድ ወደ ድኻ ተማሪዎች ቤት የመጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሥራው አንድ ነው፤ የሚለየው የሰጪው ኪስና ስሜት ነው። ደግሞ ሰጪው ፊት ያያል። ፈገግታ ይጠብቃል፣ «እግዜር ይስጥልን» ይጠብቃል። የሠራበትን ሊቀበል የመጣን ሰው ፈገግታ የምናስገብረው በምን ሥልጣን ነው?

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ክፍያው ፍትሐዊ እስኪሆን ድረስ ጉርሻው ጉርሻ አይደለም፤ ከዕዳችን የተከፈለች ቁራጭ ናት፣ እንደ ዕዳም መከፈል አለባት። ቁርጥ ያለች፣ ለሁሉም እኩል፣ ዘነበም አልዘነበም፣ ሳቀም አልሳቀም፣ ዐይኑን ሳናይ። ክፍያው የተስተካከለ ዕለት ያን ጊዜ ጉርሻ ወደ ድሮ ክብሩ ይመለሳል፣ የፈለገ ያጎርሳል፣ የፈለገ ይተዋል፣ የሚያፍርም አይኖርም።

ይህን ጽፈን ልንዘጋ ስንል ከመካከላችን ዝም ብሎ የቆየው አራተኛው ተናገረ። «ማድረሻው ስድሳ ብር ቢጨመርበትና ስድሳውም በቀጥታ ለልጁ እንደሚደርስ ብታውቁ ትከፍላላችሁ?» ሦስታችንም እንከፍላለን አልን። «በወር ስንት ጊዜ ታዝዛላችሁ እንግዲያ?» አለ። አሁን የምናዘው አራት አምስት ጊዜ ነው። አሰብነው፤ ምናልባት አንድ ጊዜ። ሌላውን ቀን ጃንጥላ ይዘን እንሄዳለን። ስለዚህ ድርጅቶቹ «ዋጋ ብንጨምር ደንበኛ ይሸሻል፣ ልጁም ሥራ ያጣል» የሚሉት ፈጽሞ ውሸት አይደለም፤ የሚሸሹት ደንበኞች እኛ ነን። ይህን ስንረዳ ደነገጥን። ምሳችን ርካሽ የሆነው አንድ ሰው ወጥ ቤት በር ላይ በነፃ ስለ ቆመልን ነው። የእርሱ ሙሉ ዋጋ ሲጨመርበት የማንችለው ነገር ከሆነ፣ ድሮም የማንችለው ነገር ነበር፤ ልዩነቱን ሲሞላልን የኖረው እርሱ ነው። አራተኛው ጓደኛችን በዚህ እንኳ አልተስማማም። «ለእርሱ ከአምስት ርካሽ ጉዞ አንድ ውድ ጉዞ ይሻለዋል ያላችሁ ማነው? ጠይቃችሁታል?» አለ። አልጠየቅነውም።

ስልኩ ነበረን፤ ያን ዕለት መንገድ ሲጠይቅ የደወለበት ቁጥር። ነሐሴ ከገባ በኋላ ሃምሳ ብሯን በዚያ ቁጥር በቴሌብር ላክንለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ። ከበስተጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ብር ገብቶልኛል። ምንድነው የሚደርሰው? ከየት ላንሣ?» አለ።

«የሚደርስ ነገር የለም፤ የባለፈው ነው» አልነው።

«የቱ ባለፈው?» አለ።